ስለ እግር ሕመምና ስለ ረጅም ሩጫ፤ ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን ካለፈ በኋላ በድንገት ቁልቁል ይወርዳል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ሲኖረው፣ የይፋት ቆላ ከተማ የኾነችው ሸዋ ሮቢት በ1,280 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ስለዚህ በደብረ ሲና በኩል በእግሩ የሚወርድ ሰው በአንድ ቀን ከብርድ ወደ ሐሩር ይገባል። ባለፈው ክረምት እኔና ሦስት ጓደኞቼ ይህንኑ ቁልቁለት በሩጫ ወርደን ነበር። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ሦስታችን እያነከስን፣ አራተኛው ግን በሰው ትከሻ ተደግፎ ነበር። በመንገድ ሳለን ሁላችንም «ትንሽ ቻለው» እንለው ነበር። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ያ ምክር የሚያገለግለው መቼ እንደ ኾነ ነው።

ዳገት ሳንባን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን እግርን ይፈትናል። በቁልቁለት እያንዳንዱ እርምጃ ሰውነትን የመግታት ሥራ ነው። የጭን ጡንቻ እየተሳበ ሳለ ክብደት ስለሚሸከም፣ ሕመሙ በማግሥቱና በሠልስቱ ይበረታል። እግርም በጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ ጣቶች ከጫማው አፍንጫ ጋር ሲጋጩ ከጥፍር ሥር ደም ይቋጥራል።

ከቆላው ሲደረስ ሌላ ችግር ይጨመራል። በሙቀት እግር ያብጣልና፣ ጧት ልክ የነበረው ጫማ ከሰዓት በኋላ ይጠባል። የክረምቱ የዋልካ ጭቃ ጫማውን ያከብደዋል፤ ካልሲውም ይረጥባል። የረጠበ ቆዳ ይበልጥ ስለሚፋተግ፣ የላይኛው ቆዳ ከታችኛው ይላቀቅና በመካከሉ ውሃ ይቋጥራል።

እንዲህ ያለው ሕመም ቢያስመርርም በአብዛኛው የሚቻል ነው፤ መድኃኒቱም ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር የጫማውን ማሰሪያ ከቁርጭምጭሚት በኩል ማጥበቅ፣ ከጣቶች ፊት ባዶ ቦታ የሚተርፍበት ጫማ መምረጥ፣ እርምጃን ማሳጠር፣ የረጠበውንም ካልሲ መለወጥ ነው።

የአጥንት ሕመም ግን ከዚህ የተለየ ነው። አጥንት በተደጋጋሚ ሲመታና ለመጠገን ዕረፍት ሲያጣ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል። ምልክቱም ይታወቃል፤ ሕመሙ በጣት ተነክቶ በሚታወቅ በአንድ ስፍራ ይወሰናል፣ በሩጫው መጠን ይጨምራል፣ እየቆየም በዕረፍት ጊዜ እንኳ አይተውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የራጅ ፎቶግራፍ ላያሳየው ይችላልና፣ «ምንም የለም» መባሉ ብቻ ዋስትና አይኾንም።

በሸዋ፣ ጃቶ በምትባል መንደር የተወለደው አበበ ቢቂላ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። ብዙ ሰው ይህን ሕመምን የመቻል ታሪክ አድርጎ ይናገረዋል። ነገሩ ግን የቀረበለት ጫማ እግሩን ስላልተስማማው፣ በባዶ እግር መሮጥም የለመደው ስለ ነበረ፣ የሕመሙን ምክንያት ከእግሩ አወለቀው ማለት ነው። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ ደግሞ በግራ እግሩ ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ሮጦ አቆመ። ውድድሩን የአገሩ ልጅ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። የሁለት ኦሊምፒክ አሸናፊ የኾነውን ሰው ማቆሙ ፈሪ አላሰኘውም።

የጓደኛችን ሕመም በዚያ ቀን የጀመረ አልነበረም። ከጉዞው በፊት ለሳምንታት አንዲት ቦታ እየጠቆመ ሲነግረን፣ እኛ ስንፍና መስሎን ነበር። በኋላ ሐኪም ሲያየው አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ፤ ለወራትም ከሩጫ ተከለከለ። እንግዲህ ጓደኛው «አመመኝ» ሲለው «ቻለው» ከማለቱ በፊት፣ «የት ላይ ነው? ስታርፍስ ይተውሃል?» ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።