ጧት ጧት አልነሣ የሚል አሮጌ ፒክአፕ፦ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ስለማግኘት
(ለእርሻ ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ)

ከደባርቅ ተነሥቶ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወደ ድብ ባሕር ለወረደ ሰው መኪና ለገጠር ሥራ ምን ያህል እንደሚጠቅም አይነገረውም። ምርጥ ዘሩም፣ ማዳበሪያውም፣ የከብት መድኃኒቱም የሚጫነው በፒክአፕ ነው። የታመመ ሰው ወይም ምጥ የያዛት እናት ስትኖርም የሚፈለገው ይኸው ፒክአፕ ነው። ስለዚህ «ዛሬ መኪናው አልነሣ አለ» የሚለው ቃል የሾፌሩ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ዝናቡን ጠብቆ መዘራት የነበረበት ዘር መንገድ ላይ ቀረ ማለት ሊሆን ይችላል።

መኪናው ማስቸገር ሲጀምር ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይደረጋል። ወይ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ወይ «ሞተሩ ደክሟል» ተብሎ ወደ ጋራዥ ይላካል። ሁለቱም የማኅበሩን ገንዘብ ያስወጣሉ። ነገር ግን የችግሩ መነሻ የቆሸሸ የባትሪ ጫፍ ወይም የላላ ገመድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ምክንያቱ በምርመራ እንዲገኝ መርዳት ነው። ጽሑፉ በተለይ የሚመለከተው ባለ 12 ቮልት የናፍጣ ፒክአፕን ነው።

1. የቦታው ከፍታና ቅዝቃዜ

ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይገኛል። ድብ ባሕር ደግሞ ከሊማሊሞ ግርጌ ያለ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስፍራ ነው። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባትሪ በቀዘቀዘ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል፤ 0 ዲግሪ ላይ ሲደርስ ከሙሉ ኃይሉ 80 ከመቶ ያህሉን ብቻ ይሰጣል። የሞተር ዘይትም በብርድ ስለሚወፍር ሞተሩ ለመዞር ይከብደዋል። በተጨማሪም 2,800 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 7 አሥረኛ ያህል ብቻ ነው። የናፍጣ ሞተር የሚነሣው በፒስተን በታመቀ አየር ሙቀት ስለሆነ፣ አየሩ ሲሳሳ ናፍጣው ቶሎ አይቀጣጠልም።

ስለዚህ ድብ ባሕር አድሮ በደንብ የተነሣ መኪና ደባርቅ ሲያድር ቢያስቸግር ሊያስደንቅ አይገባም። ብርዱ ችግሩን ገለጠው እንጂ አልፈጠረውም። ምርመራውም መደረግ ያለበት መኪናው በብርድ ካደረ በኋላ፣ ገና ጧት ሳይነሣ ነው።

2. በመጀመሪያ የችግሩን ዓይነት መለየት

ቁልፉ ሲዞር በጥሞና ማዳመጥ ያስፈልጋል። ችግሩ ከሁለት አንዱ ነው።

ሀ) ሞተሩ እያቃሰተ በዝግታ ይዞራል። ይህ የኤሌክትሪክ ወይም የዘይት ጉዳይ ነው። (ክፍል 4ን ይመልከቱ።)
ለ) ሞተሩ በተለመደው ፍጥነት ይዞራል፤ ነገር ግን ለመነሣት ይዘገያል። ይህ የናፍጣ፣ የማሞቂያ ወይም የእመቃ ጉዳይ ነው። (ክፍል 5ን ይመልከቱ።)

ይህን ሳይለዩ ዕቃ መለወጥ በሽታውን ሳያውቁ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው።

3. አስፈላጊ መሣሪያዎችና ጥንቃቄ

የቮልት መለኪያ፣ ሽቦ የተቀጠለበት ባለ 12 ቮልት አምፑል፣ መፍቻ ቁልፎች፣ የሽቦ ብሩሽና የብርጭቆ ወረቀት ይበቃሉ። መኪናው ማርሽ ውስጥ አለመሆኑ፣ የእጅ ፍሬን መያዙና ጎማው በድንጋይ መታገዱ ይረጋገጥ። ባትሪ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ሲጋራም ሆነ ክብሪት አጠገቡ መድረስ የለበትም። ገመድ ሲፈታ የኔጋቲቩ (የማሳው) በቅድሚያ ይፈታ፤ ሲታሠር ደግሞ በመጨረሻ ይታሠር። ሞተሪኖ በአንድ ጊዜ ከ10 ሴኮንድ በላይ መዞር የለበትም፤ በመካከሉም ቢያንስ ግማሽ ደቂቃ ይረፍ።

4. ሞተሩ በዝግታ ሲዞር

ሀ) የባትሪው ሁኔታ። መኪናው ካደረ በኋላ የባትሪው ልክ 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ደግሞ ግማሽ ያህል ነው። የጎደለ ባትሪ በቅድሚያ ይሞላ። ውኃው ከቀነሰ የተጣራ የባትሪ ውኃ ብቻ ይጨመር፤ የወንዝ ወይም የምንጭ ውኃ ባትሪውን ያበላሻል።

ለ) ባትሪው በሥራ ላይ። ሞተሩ እንዳይነሣ የናፍጣ ማቋረጫው ሽቦ ይነቀልና አንድ ሰው ሞተሪኖውን ያዙር። በዚህ ጊዜ የባትሪው ልክ ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፣ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ኤሌክትሪክ እየሳበ ነው። ሙሉ የሆነና ደኅና መሆኑ የታወቀ ባትሪ ለጊዜው ተውሶ መሞከር ሁለቱን ይለያል።

ሐ) ገመዶችና ማሳ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ይህ ነው። የናፍጣ መኪና ሞተሪኖ 200 አምፔርና ከዚያ በላይ ይስባል። በዚህ መጠን መንገዱ ላይ አንድ መቶኛ ኦም የምታህል ዝገት ብትኖር 2 ቮልት ታስቀራለች። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ከባትሪው ፖዘቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው ወፍራም ቡሎን ያለው ልዩነት ይለካ፤ ከ0.5 ቮልት መብለጥ የለበትም። ቀጥሎም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጫፍ እስከ ሞተሪኖው አካል ይለካ፤ ከ0.3 ቮልት መብለጥ የለበትም። ከበለጠ ጫፎቹ ተፈትተው፣ ብረቱ እስኪያበራ ተፈቅፍቀው፣ ጠብቀው ይታሠሩና ላያቸው በስሱ ግራሶ ይቀባ።

መ) ሞተሪኖው። ባትሪውም ገመዱም ደኅና ሆነው ሞተሩ አሁንም የሚያቃስት ከሆነ፣ የሞተሪኖው ካርቦኖች ወይም ቡሾች አልቀዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ወደ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይወሰድ።

ሠ) ዲናሞው። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ነዳጅ ትንሽ ተሰጥቶ ሲለካ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት መገኘት አለበት። ካነሰ ቺንጋው ላልቶ ወይም ዲናሞው ተበላሽቶ ይሆናል። ይህ ሳይታይ የተገዛ አዲስ ባትሪ ጥቂት ቆይቶ እንደ አሮጌው መሆኑ አይቀርም።

ረ) ዘይቱ። በደጋ ጧት ቁጥሩ 40 ብቻ የሆነ ወፍራም ዘይት ሞተሩን ያስረዋል። የፋብሪካው መመሪያ የሚፈቅድ ከሆነ 15/40 የተሻለ ነው። ሲነሣ ፍሪሲዮን መርገጥም የካምቢዮውን ዘይት ክብደት ከሞተሪኖው ላይ ያነሣል።

5. ሞተሩ በደንብ እየዞረ ለመነሣት ሲዘገይ

የጭስ ማውጫውን መመልከት ያስፈልጋል። ሲዞር ነጭ ጭስ ከወጣ ናፍጣው ደርሷል፤ ግን አልተቀጣጠለም። ምንም ጭስ ካልታየ ናፍጣው አልደረሰም።

ነጭ ጭስ ከታየ፦ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ይመርመሩ። ቁልፉ ወደ ማሞቂያው ሲዞር በካንዴላዎቹ ማገናኛ ብረት ላይ የባትሪው ቮልት ሊገኝ ይገባል። ካለ ማገናኛው ይፈታና የአምፑሉ አንድ ሽቦ በባትሪው ፖዘቲቭ ላይ፣ ሌላው በየካንዴላው ጫፍ ላይ ተራ በተራ ይነካ። አምፑሉ ካልበራ ያ ካንዴላ ተቃጥሏል። ከአራቱ አንዱ ሲቃጠል ሞተሩ ከተነሣ በኋላ ይንቀጠቀጣል፤ ሁለቱ ሲቃጠሉ በብርድ መነሣት ያቅተዋል።

ጭስ ካልታየ፦ በናፍጣ ፊልትሮው ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ድረስ ይገፋ። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ፣ ሌሊት አየር እየገባ ናፍጣው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል ማለት ነው። የተሰነጠቁ የጎማ ቱቦዎችና የላሉ ማሠሪያዎች ይፈለጉ። ከፊልትሮው ሥር ውኃ ማውጫው ተከፍቶ የተጠራቀመው ውኃ ይፍሰስ። የናፍጣ ማቋረጫው ሽቦ በቦታው መመለሱም ይታይ።

ይህ ሁሉ ደኅና ሆኖ ችግሩ ከቀጠለ፣ መኪናውም ሲሞቅ ብቻ በቀላሉ የሚነሣና ዘይት የሚበላ ከሆነ፣ ያን ጊዜ ፋሻው ወይም ቫልቮላው ማለቁን በጋራዥ እመቃ በማስለካት ማረጋገጥ ይገባል። «ሞተሩ ደክሟል» የሚለው ፍርድ የሚሰጠው በመጨረሻ ነው።

6. ምሳሌ

የአንድ ማኅበር ፒክአፕ ድብ ባሕር ሲያድር ወዲያው ይነሣል፣ ደባርቅ ሲያድር ግን ያቃስታል እንበል። ኮሚቴው አዲስ ባትሪ ሊገዛ ወስኗል። ሲለካ ባትሪው ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት ነው፤ ሞተሪኖው ሲዞርም 10.6 አለው። ሞተሪኖው ዘንድ የሚደርሰው ግን 8.9 ብቻ ነው። 1.7 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። በፖዘቲቩ በኩል 0.3፣ በማሳው በኩል 1.4 ጠፍቷል። የማሳው ገመድ ከሞተሩ ጋር የሚታሠርበት ቦታ ተፈትቶ ሲታይ ዝገት ይዞታል። ተፈቅፍቆ ሲታሠር ጉድለቱ ወደ 0.2 ወረደ፤ መኪናውም ተነሣ። ባትሪው ሳይገዛ ቀረ።

7. ፈጽሞ መደረግ የሌለባቸው

ሀ) መኪናውን በሊማሊሞ ቁልቁለት አንደርድሮ ማስነሣት። የፍሬኑ ረዳት ኃይል የሚገኘው ሞተሩ ሲሠራ ነው። ሞተሩ ካልተነሣ ከጥቂት ርግጫ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከፊት ያለው መጠምዘዣ ደግሞ አይጠብቅም። የጫነው ሰው ከሆነ ጥፋቱ በዘር ኩንታል የሚቆጠር አይደለም።
ለ) ማሞቂያ ካንዴላ ባለው ሞተር አየር ማስገቢያ ላይ ኤተር ወይም ቤንዚን መርጨት። ሞተሩን ሊሰብር፣ ሰውንም ሊያቃጥል ይችላል።
ሐ) ከሞተሩ ወይም ከሰልባትዮው ሥር እሳት ማንደድ።

8. መዝገብ ስለ መያዝ

በየወሩ ባትሪው ካደረ በኋላ ያለው ቮልት፣ ሞተሪኖው ሲዞር ያለው ቮልት፣ የዲናሞው ልክና የዘይቱ ቀን በአንድ ደብተር ይመዝገብ። ቁጥሩ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ የታየ ባትሪ ከመሞቱ በፊት ያስጠነቅቃል። ባትሪው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት ቢለወጥ፣ መኪናው በሰኔ ዘር ጭኖ ደጅ አይቆምም። ደብተሩ ሾፌር ሲለወጥም ለተተኪው ይተላለፍ።