ሥልጠናው በስልክ፣ ፈተናው በማሳ

በቆሎ ማሳ ውስጥ የገባ የአሜሪካ መጤ ተምች የሥልጠና መርሐ ግብር እስኪወጣ አይጠብቅም። የእሳት እራቷ በአንድ ጊዜ ከ100 እስከ 200 የሚደርስ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል። ትሉ አድጎ በበቆሎው መሃል ወደ ተጠቀለለው ቅጠል ከገባ በኋላ ደግሞ የሚረጨው መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። አርሶ አደሩ «ይህ ትል ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የቀበሌው ልማት ሠራተኛ ትክክለኛውን መልስ መስጠት ያለበት በዚያው ሳምንት ነው።

ተባዩ ወደ ሀገራችን መግባቱ የተረጋገጠው በ2009 ዓ.ም. ነው። ለአርሶ አደሩም ለባለሙያውም እንግዳ ስለነበር አዲስ እውቀት በአጭር ጊዜ ቀበሌ መድረስ ነበረበት። በግብርናው ዘርፍ የተለመደው የሥልጠና መንገድ ግን ረጅም ነው። ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከዚያም ወደ ቀበሌ ይወርዳል። በየደረጃው ቀኑ ሊያጥር፣ የተግባር ልምምዱም ሊቀነስ ይችላል። ወረዳ ሲደርስ በአዳራሽ ከሚነበብ ጽሑፍ ያለፈ ነገር ላይቀር ይችላል። ልማት ሠራተኛውም ሥራ በበዛበት ወቅት ቀበሌውን ትቶ ከተማ ይሰነብታል።

ይህን ርቀት ለማሳጠር የኦንላይን ሥልጠና ጥሩ አማራጭ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ስብሰባዎች ሲገደቡ አስፈላጊነቱ ጎልቶ ታይቷል። በዚያው ዓመት የጸደቀው የ«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» ስትራቴጂም ግብርናን ቅድሚያ ከሚሰጣቸው ዘርፎች አንዱ አድርጎታል። ይሁንና የአዳራሹን ሥልጠና እንዳለ ወደ ስልክ መገልበጥ የኦንላይን ሥልጠና ማዘጋጀት ማለት አይደለም። ዘጠና ገጽ ሰነድ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ተልኮ «አንብቡና አረጋግጡ» ቢባል የሚገኘው ምላሽ «ተቀብያለሁ» የሚል ብቻ ነው። ሥልጠናው ውጤት እንዲያመጣ ሠልጣኙ የሚሠራውን ሥራ፣ የያዘውን ስልክና ያለበትን ሁኔታ መነሻ አድርጎ መዘጋጀት ይኖርበታል።

መነሻው ሥራው ነው

ብዙ የሥልጠና ዕቅዶች ዓላማቸውን «ግንዛቤ ማስጨበጥ» ብለው ይጀምራሉ። ግንዛቤ መያዙን ግን ማን ይለካዋል? ዓላማው «ልማት ሠራተኛው በአንድ የበቆሎ ማሳ ገብቶ ተምቹን ከሌሎች ትሎች ይለያል፣ የተጎዳውንም ይቆጥራል» ተብሎ ቢጻፍ ትምህርቱ ምን ሊይዝ እንደሚገባ ወዲያው ይታወቃል። የተባዩ ታሪክና የሥርጭት ካርታ ወደ ኋላ ይሄዳል። የመለያ ምልክቱና የአሰሳ ዘዴው ወደ ፊት ይመጣል።

እንዲህ ያለ ትምህርት ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሊያልቅ ይችላል። መጀመሪያ የሦስት የተለያዩ ትሎች ፎቶ ይቀርብና «መጤው ተምች የትኛው ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ሠልጣኙ መልሱ ሳይነገረው በፊት ይመርጣል። ቢሳሳትም ጥሩ ነው፤ ከስሕተቱ በኋላ የሚመጣው ማብራሪያ በአእምሮው ይቀራል። ማብራሪያውም አጭር ነው። መጤው ተምች በግንባሩ ላይ እሳቱ «ሰ»ን የሚመስል ነጣ ያለ ምልክት አለው። ወደ ጅራቱ አካባቢ ደግሞ በአራት ማዕዘን የተደረደሩ አራት ጥቁር ነጠብጣቦች ይታያሉ።

ከዚያ ስልኩ ኪስ ይገባና ሥራው ወደ ማሳ ይሄዳል። ሠልጣኙ ንጉሡ «ሠ»ን በሚመስል ጥምዝምዝ መንገድ ማሳውን እያቋረጠ በአምስት ቦታ ይቆማል። በእያንዳንዱ ቦታ 10 ተክሎችን ይመረምራል። ከ50ዎቹ ውስጥ በ10ሩ ላይ አዲስ ጉዳት ካገኘ የጉዳቱ መጠን 20 በመቶ ነው ማለት ነው። ቁጥሩንና አንድ ፎቶ ለወረዳው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ይልካል። ባለሙያውም መለየቱ ትክክል መሆኑንና ቀጥሎ ምን መደረግ እንዳለበት ይመልስለታል። በዚህ መንገድ ፈተናውም፣ የመስክ ሥራውም፣ ሪፖርቱም በአንድ ጊዜ ይከናወናሉ።

ደካማውን ኔትወርክ ታሳቢ ማድረግ

ሥልጠና የሚያዘጋጀው ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ ፈጣን ኢንተርኔት ባለበት ከተማ ይቀመጣል። ሠልጣኙ ግን ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታ ላይ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። በሴኮንድ 32 ኪሎ ቢት ሆኖ የተቀዳ የ10 ደቂቃ ድምፅ 2.4 ሜጋ ባይት ያህል ዳታ ይወስዳል። በሴኮንድ 1.5 ሜጋ ቢት የሆነ የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ግን 112 ሜጋ ባይት ይደርሳል። ልዩነቱ ከ45 እጥፍ በላይ ነው። የዳታው ወጪ ከሠልጣኙ ኪስ የሚወጣ ከሆነ ሥልጠናውን የሚከታተለው አቅም ያለው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ቪዲዮ እንቅስቃሴው ራሱ ትምህርት ለሆነበት ጉዳይ ይቆጠብ፤ ለምሳሌ የመርጫ መሣሪያን አያያዝ ለማሳየት ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ የሚሆን ቪዲዮ ይበቃል። ለሌላው ፎቶና የድምፅ ማብራሪያ በቂ ነው። ትምህርቱ አንድ ጊዜ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈት ቢሆን ደግሞ ሠልጣኙ በገበያ ቀን ወረዳ ከተማ ሲመጣ ጭኖት ሊመለስ፣ ለሥራ ባልደረባውም በሚሞሪ ካርድ ሊያካፍል ይችላል።

በአጭር የጽሑፍ መልእክት ለማስታወስ የሚያስብ ቢሮም አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። በላቲን ፊደል የሚጻፍ አንድ መልእክት እስከ 160 ሆሄያት ሲይዝ በግዕዝ ፊደል የሚጻፍ ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ስለዚህ የአማርኛው መልእክት አንድ ጉዳይ ብቻ ይያዝ፤ እሱም መደረግ ያለበት ተግባር ይሁን።

በዚህ ረገድ ከሀገራችን ተሞክሮ የምንማረው አለ። በ2006 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የ8028 የአርሶ አደሮች ነጻ የስልክ መስመር ኢንተርኔት አይፈልግም። ጠሪው ቋንቋውን መርጦ፣ ቁጥር እየተጫነ የግብርና ምክር በድምፅ ይሰማል። በማንኛውም ተራ ስልክ የሚሠራ በመሆኑ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ደዋዮችን ማስተናገድ ችሏል። የኦንላይን ሥልጠና አዘጋጆችም ከዘመናዊው ስልክ በፊት ተራውን ስልክ ቢያስቡ ብዙ ሠልጣኝ ይደርሳቸዋል።

ለሁሉም ተደራሽ ይሁን

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ አመቺ የሥራና የሥልጠና ሁኔታ እንዲፈጥር ግዴታ ይጥልበታል። የኦንላይን ሥልጠናም ከዚህ ግዴታ ውጪ አይደለም። አብዛኛው መፍትሔ ደግሞ ገንዘብ ሳይሆን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ነው።

መስማት ለሚቸገር ሠልጣኝ ቪዲዮው የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው፤ ጽሑፉንም ሰው አንብቦ ያርመው። ማየት ለሚቸገር ሠልጣኝ መመሪያው ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ፎቶ ሆኖ አይላክለት። የስልክ ድምፅ አንባቢ ፎቶን እንደ ጽሑፍ አያነብም፤ በፊደል የተጻፈን ግን ሊያነብለት ይችላል። የፊደሉና የመደቡ ቀለም በደንብ ይለያይ። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የብርሃን ልዩነት ይጠይቃል። ይህ የሚጠቅመው ዓይኑ ለደከመ ብቻ አይደለም፤ በቀትር ፀሐይ ማሳ መሃል ቆሞ ስልኩን ለሚያነብ ሁሉ ነው።

ቀለም ብቻውንም መለያ አይሁን። ቀይና አረንጓዴን መለየት የማይችሉ ሰዎች አሉ፤ ራሳቸውም ላያውቁት ይችላሉ። የስንዴ ዋግ ትምህርት «ቢጫው ይህ ነው፣ ቀዩ ያ ነው» ብሎ ቢያልፍ እነዚህን ሰዎች ያሳስታል። «ቢጫ ዋግ በአደገ ቅጠል ላይ እንደ መስመር ተሰልፎ ይታያል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ በብዛት አገዳው ላይ የሚወጣ፣ ቆዳውን የሚሰነጥቅና በጣት ሲነካ ዱቄት የሚተው ነው» ተብሎ ቢነገር ግን ለሁሉም ግልጽ ይሆናል።

ሰዓትም ተደራሽነትን ይወስናል። የቀጥታ ስብሰባ ምሽት ላይ ብቻ ከተጠራ ልጅ የምታስተኛና ራት የምታዘጋጅ ልማት ሠራተኛ ልትካፈል አትችልም። ውይይቱ ተቀድቶ ቢቀመጥና ጥያቄ በማንኛውም ሰዓት በድምፅ መልእክት ማቅረብ ቢፈቀድ እኩል ዕድል ታገኛለች።

ሠልጣኙን የሚያሳትፍ ትምህርት

ሥልጠና ሳቢ የሚሆነው በሙዚቃና በተንቀሳቃሽ ሥዕል ብዛት አይደለም። ሠልጣኙ የራሱን ቀበሌ ችግር ሲያገኝበትና ላነሳው ጥያቄ መልስ ሲሰጠው ነው። ሦስት መቶ አባላት ባሉበት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ጥያቄ ማንሳት ያሳፍራል፤ መልሱም በሰላምታና በማስታወቂያ መሃል ይጠፋል። የጎረቤት ቀበሌ ልማት ሠራተኞች ከአምስት እስከ ስምንት እየሆኑ ቢመደቡ፣ ለእያንዳንዱ ቡድንም መልስ የሚሰጥ ባለሙያና የመልስ ቀን ቢወሰን ውይይቱ ሕይወት ይኖረዋል።

መደጋገምም አስፈላጊ ነው። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ሰው የተማረውን በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት በፍጥነት እንደሚረሳ፣ በየጊዜው ከተከለሰ ግን እንደሚያቆየው አሳይቷል። በአንድ ቀን አሥር ርዕስ ከማዝነብ አንዱን አስተምሮ ከሁለት ቀን፣ ከሳምንትና ከወር በኋላ አንድ አንድ ጥያቄ መላክ ይሻላል። ትምህርቱ ከሰብል አቆጣጠሩ ጋር ቢሄድ ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል። የአሲዳማ አፈርና የኖራ ትምህርት ከእርሻ ዝግጅት በፊት፣ የተምች አሰሳ በቆሎው ሲበቅል፣ የድኅረ ምርት ብክነት ትምህርት ከአጨዳ አስቀድሞ ይሰጥ።

በስልክ የማይማሩት ነገርም አለ። የፀረ ተባይ ኬሚካል አለካክና ጥንቃቄ፣ ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ፣ የመርጫ መሣሪያ ልኬት በእጅ ተይዘው፣ ልምድ ባለው ባለሙያ ፊት መሠራት አለባቸው። የኦንላይኑ ትምህርት የንድፈ ሐሳቡን ክፍል አስቀድሞ ከጨረሰ በአካል የሚገናኙበት ቀን ሙሉ በሙሉ ለተግባር ይውላል። ለአበልና ለትራንስፖርት የሚወጣው ገንዘብም በቦታው ዋለ ማለት ነው።

ከወረዳው የሚጠበቀው

የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች በመጀመሪያ የሥልጠና ሰዓት የሥራ ሰዓት መሆኑን ይወቁ። ልማት ሠራተኛው ቀን ማዳበሪያ ሲያከፋፍል፣ መዝገብ ሲሞላና ስብሰባ ሲቀመጥ ውሎ ሌሊት እንዲማር መጠበቅ አይገባም። በሳምንት አንድ ሰዓት እንኳ ተለይቶ ቢያዝለት ለውጥ ያመጣል። ሁለተኛ፣ የዳታ ወጪው በዕቅድና በበጀት ይያዝ። ሦስተኛ፣ ሥልጠናው በወረዳው ሁሉ ከመሰራጨቱ በፊት ኔትወርክ በሚደክምበት አንድ ቀበሌ ላይ ይሞከር። እዚያ ከተከፈተና ከገባ ሌላው ቦታ አያስቸግርም።

ከሁሉም በላይ የሪፖርቱ ይዘት ይለወጥ። «ይህን ያህል ሠልጣኝ ሰርተፊኬት ወሰደ» የሚለው ቁጥር ማሳው ላይ ምን እንደተደረገ አይነግረንም። ስንት ልማት ሠራተኞች ተምቹን በትክክል ለዩ? ስንት ማሳ ተፈተሸ? አርሶ አደሩ በጠየቀ በስንተኛው ቀን መልስ አገኘ? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ሪፖርት ለዞኑም ለክልሉም ይጠቅማል።

አርሶ አደሩም ድርሻ አለው። በማሳው ያየውን እንግዳ ነገር ለልማት ሠራተኛው ፈጥኖ ያሳይ፤ የተሰጠው ምክር ካልሠራም ሳያፍር ይናገር። የሚቀጥለው ትምህርት ርዕስ ከአርሶ አደሩ ጥያቄ ሲነሳ ከላይ የሚወርደው እውቀትና ከማሳው የሚወጣው ችግር ይገናኛሉ። በቆሎው ቅጠል ላይ እንቁላሉ በታየበት ሳምንት ትክክለኛውን መልስ ይዞ የሚገኝ ልማት ሠራተኛም የሚፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።