የግሪክ አማልክት እንዴት ይሠራሉ? ከጉና ግርጌ ሆኖ ለሚጠይቅ

የግሪክ አማልክት ይኖሩበታል የተባለው የኦሊምፐስ ተራራ ቁመቱ 2,917 ሜትር ገደማ ነው። ደብረ ታቦር ከተማ ራሷ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። በደብረ ታቦር ገበያ ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው እንግዲህ ከዜውስ ዙፋን ሁለት መቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው ዝቅ ብሎ የቆመው። ከከተማዋ ደቡብ ምሥራቅ ያለው ጉና ግን ከ4,100 ሜትር ስለሚያልፍ ኦሊምፐስን ቁልቁል ያየዋል።

ግሪኮች አማልክታቸውን ተራራ ላይ ያወጧቸው ለምን ይሆን? መልሱን የጉና ሥር ገበሬ በየክረምቱ ያየዋል። እርጥብ አየር ተራራውን ተደግፎ ሽቅብ ይወጣል፤ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው እንፋሎት ደመና ይሆናል፤ ደመናው ሲከመር ነጎድጓዱና በረዶው ይከተላል። ርብና ጉማራ ከጉና ተነሥተው ጣና እስኪገቡ ውሃ የሚያገኙት በዚሁ መንገድ ነው። ከታች ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ደመናው የሚሰበሰበው ከጫፉ ላይ ነው፣ ድምፁም የሚመጣው ከዚያው ነው። አንድ ኃይለኛ እዚያ ላይ ተቀምጧል ቢል አይፈረድበትም። የጥንቱ ባለቅኔ ሆሜርም ዜውስን የሚጠራው ደመና ሰብሳቢው እያለ ነው።

ዜውስ ብቻውን አልገዛም። አባታቸውን ክሮኖስን ከጣሉ በኋላ ሦስት ወንድማማቾች ዓለሙን በዕጣ ተካፈሉት። ሰማዩ ለዜውስ፣ ባሕሩ ለፖሲዶን፣ ከምድር በታች ያለው የሙታን አገር ለሐዴስ ወጣ። ምድርና ኦሊምፐስ ሳይከፈሉ የሦስቱም ሆነው ቀሩ። የጎንደር ሰው ርስት በዕጣ ሲካፈል፣ ግጦሹ ደግሞ የወል ሆኖ ሲቀር ስለሚያውቅ ይህን ለማስረዳት ብዙ አያደክምም። ጠቡ የሚነሣውም እንደ አገራችን ከወሉ ላይ ነው፤ አማልክቱ ሰማይን ለዜውስ፣ ባሕርን ለፖሲዶን ትተው የሚራኮቱት ሁሉም ድርሻ አለኝ በሚሉበት በምድር፣ በሰዎች ከተማና በሰዎች ጦርነት ነው።

የቀሩት እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። ሄራ ጋብቻን፣ ዴሜጥር እህልን፣ አርጤምስ አደንን፣ አፍሮዲት ፍቅርን፣ አሬስ ጦርነትን፣ ዲዮኒሶስ ወይንን ይይዛሉ። አቴና የጥበብና የጦር ስልት አምላክ ናት፤ የተወለደችውም ከዜውስ ራስ ነው። አፖሎ በእጁ የሚይዘው የሙዚቃ መሣሪያ የክራራችን የቅርብ ዘመድ ነው። ሄርሜስ መልእክተኛና አንደበተ ርቱዕ ነው።

በቤተ ክርስቲያን ጥላ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ የሚጠይቀውን አውቃለሁ። እነዚህ ይዋሻሉ፣ ይሰርቃሉ፣ ያመነዝራሉ፤ እንዴት አማልክት ይባላሉ? ጥያቄው ራሳቸውን ግሪኮችንም አስጨንቋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን የተነሣው ፈላስፋ ክሴኖፋኔስ ባለቅኔዎቹን ሆሜርንና ሄሲዮድን በዚሁ ወቅሷል፤ ሰው አማልክትን በራሱ መልክ እንደሚሥልም ሲያስረዳ ኢትዮጵያውያን አማልክታቸውን ጥቁር፣ የትሬስ ሰዎች ደግሞ ሰማያዊ ዓይንና ቀይ ፀጉር ያላቸው አድርገው ያስባሉ ብሏል። የተራው አማኝ መልስ ግን ሌላ ነበር። ለእርሱ አምላክ ማለት የማይሞትና ኃይል ያለው እንጂ የማይበድል አልነበረም። በቅድስናው ስለማያመልከው ግንኙነቱ መስጠትና መቀበል ነበር፤ በሬ ይታረዳል፣ አጥንቱና ጮማው በመሠዊያው ላይ ይቃጠላል፣ ጢሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሥጋውን ሕዝቡ ይበላል።

ከሁሉም ልቤን የሚነካው ሄፋይስቶስ ነው፤ አንጥረኛው አምላክ። ሲወለድ እግሩ አንካሳ ስለሆነ እናቱ ሄራ ከኦሊምፐስ ወረወረችው። የአማልክቱን አዳራሽ የሠራው እርሱ ነው፣ የዜውስን በትረ መንግሥትና የጀግናውን የአኪሌስን ጋሻም እንዲሁ። ሆኖም እያነከሰ ወይን ሲቀዳላቸው ይስቁበታል። ይህን ታሪክ ከደብረ ታቦር አጠገብ ካለችው ጋፋት ሆኖ ማንበብ ያማል። አፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እነ ሚሲዮናዊው ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን መድፍ እንዲሠሩላቸው ያስቀመጧቸው እዚያ ነው፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ቀልጦ የተሠራውም እዚያ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ለብረት ያን ያህል ክብር ሲሰጡ፣ በየመንደሩ ወናፍ የሚነፋው፣ ጉጠትና መዶሻ ይዞ ማረሻ የሚስለው የአገሬው ቀጥቃጭ ቡዳ ተብሎ ይሸሽ ነበር፤ ማታ ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ማረሻውን ፈልጎ ሠሪውን የሚንቅ ኅብረተሰብ ግሪክም አገር ነበረ፣ እኛም ዘንድ ነበረ። አፈ ታሪክ ሰዎች ፊት ለፊት የማይናገሩትን በደል እንዲህ አድርጎ ይዞ ያቆያል፤ የሄፋይስቶስን ታሪክ ደብቆ የሚያልፍ መምህር ቢኖር የተማሪዎቹን ትልቁን ድርሻ ወስዶባቸዋል እላለሁ።

እነዚህ ስሞች በአገራችን ድንጋይ ላይም ተጽፈዋል። በ4ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ኢዛና ድሉን አክሱም ላይ በግእዝም በግሪክም አስቀርጿል። ግእዙ መሕረም የሚለውን የጦርነት አምላክ ግሪኩ አሬስ ይለዋል። ኢዛና የግሪክን ሃይማኖት ተቀብሎ አይደለም። ግሪክኛ የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መግባቢያ ስለነበር፣ ድንጋዩን የሚያነበው እንግዳ ንጉሡ በማን ኃይል እንደሚመካ እንዲገባው ሥራው የሚመሳሰለው አምላክ ስም ተሰጠው። ከእርሱ በፊት የነበረ፣ ስሙ የጠፋ የአክሱም ንጉሥም አዱሊስ ላይ ለዜውስ፣ ለአሬስና ለፖሲዶን መሥዋዕት ማቅረቡን በግሪክኛ አጽፏል፤ ባሕር ተሻግሮ ለሚያዘምት ንጉሥ ፖሲዶን መጨመሩ ተገቢ ነው። ጽሑፉን በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ካሌብ ዘመን፣ ኮስማስ የተባለ ነጋዴ ባይገለብጠው ኖሮ ዛሬ አናውቀውም ነበር። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሞቹ ላይ የነበረው ጨረቃ ተነሥቶ መስቀል ገባ፤ አሬስም ከድንጋዩ ወጣ።

ይኸው ስም የማመሳሰል ሥራ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 አለ። የልስጥራ ሰዎች በርናባስን ድያ፣ ጳውሎስን ሄርሜን አሏቸው። ድያ ዜውስ ነው። ጳውሎስ ሄርሜስ የተባለው ተናጋሪው እርሱ ስለነበረ ነው።

ግሪኮች በበኩላቸው ኢትዮጵያውያንን በአፈ ታሪካቸው አክብረዋል፤ በሆሜር ዘንድ ዜውስ ከአማልክቱ ጋር ወደ እኛ ግብዣ ሄዶ በ12ኛው ቀን ይመለሳል። የእነርሱ ኢትዮጵያ ከግብፅ ደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ሁሉ የሚያጠቃልል ስለነበረ ታሪኩን ለአንድ አውራጃ ማድላት አይገባም። ሰማዩን ግን ከየትም ማየት ይቻላል። የኢትዮጵያ ንግሥት ካሲዮፔያ በቁንጅና ከባሕር ልጃገረዶች እበልጣለሁ ብላ ስለተመካች ፖሲዶን አውሬ ላከ፤ ልጇ አንድሮሜዳ ለአውሬው ከቋጥኝ ጋር ታሰረች፤ ፀጉሯ እባብ የነበረውን ሜዱሳን ገድሎ ይመለስ የነበረው ፐርሴዎስ አዳናት። ሁሉም የኮከብ ስም ሆነው ቀርተዋል።

በኅዳር ሚካኤል ሰሞን፣ ጨረቃ በሌለበት ምሽት፣ 3 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን ዙሩ። የተገለበጠ ንጉሡ ሠ የሚመስሉት አምስት ኮከቦች ካሲዮፔያ ናት። በስተ ግራዋ ዝቅ ብሎ ባሏ ንጉሥ ሴፌዎስ አለ። ከእርሷ ወደ ራሳችሁ አናት ስታዩ አንድሮሜዳ ትገኛለች፤ አጠገቧ ያለችው ጭጋግ የመሰለች ነጥብ ብርሃኗ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ የደረሰ ሌላ ጋላክሲ ናት። በስተ ቀኝ ፐርሴዎስ አለ፣ በእጁ የያዘው የሜዱሳ ራስም አልጎል የተባለው ኮከብ ነው። አልጎል በየ2 ቀን ከ21 ሰዓት ገደማ ይደበዝዛል። አንድ የሚመስለው ሁለት ኮከብ ስለሆነና ደብዛዛው በብሩሁ ፊት ስለሚያልፍ ብርሃኑ ለጥቂት ሰዓታት ወደ ሲሶ ይወርዳል። ለማረጋገጥ መነጽር አያስፈልግም፤ ከአንድሮሜዳ እግር ላይ ካለው ብሩህ ኮከብ ጋር አስተያዩት። ሌላ ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ አልጎል ፈዞ ካገኛችሁት ግርዶሹ ላይ ደርሳችኋል።