በሮም አደባባይ ለመሰብሰብ፦ ማሳወቅ ወይስ ማስፈቀድ?

የካቲት በገባ ቁጥር ሮም በምንኖር ኢትዮጵያውያን መሃል አንድ ጥያቄ ይነሳል። የካቲት 12ን ዘንድሮ የት እናስበዋለን? ሳይውል ሳያድር ሁለተኛው ጥያቄ ይከተላል፤ «ፈቃዱስ ወጥቷል?» ይህችን ጥያቄ የሚያነሱት አብዛኛውን ጊዜ ከአገር ቤት በቅርብ የመጡ ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ናቸው። አይፈረድባቸውም። ያደጉት አደባባይ መውጣት የፈለገ ሰው ደጅ ጠንቶ ፈቃድ መለመን እንዳለበት እየተነገራቸው ነው። እኛም ብንሆን እዚህ ለዓመታት ኖረን ነገሩን በወጉ የተረዳነው ዘግይተን ስለሆነ፣ ያወቅነውን ለአንባቢያን ማካፈሉ ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 ሥራ ላይ የዋለው የኢጣሊያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17 ላይ ያለ መሣሪያ በሰላም የመሰብሰብን መብት ይደነግጋል። ለሕዝብ ክፍት በሆነ አዳራሽም ቢሆን ለሚደረግ ስብሰባ ለማንም ማሳወቅ አያስፈልግም። በአደባባይና በመንገድ ላይ ለሚደረግ ግን ለባለሥልጣን አስቀድሞ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ባለሥልጣኑም ሊከለክል የሚችለው በተረጋገጠ የጸጥታ ወይም የሕዝብ ደህንነት ምክንያት ብቻ ነው። ልብ በሉ! ሕጉ «አሳውቁ» እንጂ «አስፈቅዱ» አይልም።

የሚያስገርመው ይህ ማሳወቂያ የሚቀርብበት ሕግ ከማን እጅ እንደወጣ ነው። የሕዝብ ጸጥታ ሕግ የሚባለው ድንጋጌ ቁጥር 773 የወጣው በሙሶሊኒ ዘመን፣ ጁን 18 ቀን 1931 ነው፤ የፋሺስት ጦር መረብን ተሻግሮ አገራችንን ከመውረሩ አራት ዓመት ቀደም ብሎ መሆኑ ነው። አንቀጽ 18 ዛሬም አለ። አደባባይ ላይ ሰው የሚጠራ ሁሉ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት ለኩዌስቶሬው፣ ማለትም ለፖሊስ ኃላፊው፣ ያሳውቅ ይላል። ሪፐብሊኩ ሲመጣ ሕጉ አልተሻረም፤ ጥርሱ ግን አንድ በአንድ ወለቀ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ በ1958 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ ቤቶች ለሚደረግ ስብሰባ ማሳወቂያው አይጠየቅም ሲል ወሰነ። በ1970 ደግሞ ማሳወቂያ አለመግባቱን ሳያውቅ ንግግር ያደረገ ሰው አይቀጣም አለ። ሳያሳውቅ ሰው የጠራ ግን ዛሬም ሊቀጣ ይችላል።

ወረቀቱ ራሱ ቀላል ነው። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የስብሰባው ዓላማ፣ ንግግር የሚያደርጉት ሰዎች ማንነትና የጠሪዎቹ ፊርማ ይሰፍርበታል። ይኸው ነው። ቪያ ሳን ቪታሌ ወደሚገኘው ኩዌስቱራ ይገባል፤ ቅጂው ላይ የተቀበሉበት ማኅተም እንዲያርፍ ማድረግ ይበጃል። ብዙው ሰው የሚደናገረው ከዚህ በኋላ ነው። «ፈቅደንላችኋል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል ብሎ ሲጠብቅ ቀኑ ያልፋል። እንዲህ ያለ ደብዳቤ አይመጣም። ካልተከለከለ ወይም ሰዓቱንና ቦታውን ቀይሩ ካልተባለ መውጣት ነው።

«አንቀጽ 17 የሚናገረው ስለ ዜጎች አይደለም ወይ? እኛ ስደተኞች ምን አገባን?» የሚል ይኖራል። እ.ኤ.አ. የ1998ቱ የውጭ ዜጎች ሕግ በአገሪቱ ውስጥ የሚገኝ የውጭ ሰው የሰው ልጅ መሠረታዊ መብቶች እንዲከበሩለት ይደነግጋል፤ በተግባርም የውጭ ዜጎች ሮም ውስጥ ሰልፍ ሲወጡ ኖረዋል። ይህ ማለት ግን ሁሉ አልጋ በአልጋ ነው ማለት አይደለም። በኦገስት 2017 ከቪያ ኩርታቶኔው ሕንጻ የተባረሩት ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ላይ ሜዳ ላይ አድረው ሳለ ፖሊስ በውሃ መድፍ የበተናቸውን ማንም አልረሳውም። በ2025 ደግሞ በሰውነት መንገድ መዝጋት ወንጀል ሆኗል። ስለዚህ ወጣቶቻችን በስሜት ተነሳስተው አስፋልት ላይ ቁጭ ከማለታቸው በፊት ደጋግመው ቢያስቡ እንመክራለን።

አሁን ወደ ቦታው እንምጣ። የአገራችን ሰው በየሳምንቱ የሚገናኝበት የተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው አደባባይ ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ ይባላል፤ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ማለት ነው። አምስት መቶዎቹ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ የደመሰሷቸው የኢጣሊያ ወታደሮች ናቸው። መታሰቢያ ሐውልታቸው ከዚያው አጠገብ ቆሟል። ፋሺስቶች ከአዲስ አበባ የዘረፉትን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት አምጥተው ያስቀመጡትም እሱ ሥር ነበር። በጁን 1938 ዘርዓይ ደረስ ሰይፉን የመዘዘው በዚያች ስፍራ ነው። እሱ ማንንም አላስፈቀደም፣ ለማንም አላሳወቀም። ብዙዎቻችን በልጅነታችን እዚያው ተገደለ ሲባል ሰምተናል፤ እውነቱ ግን ተይዞ ከቆየ በኋላ በ1945 ሲሲሊ ውስጥ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ማረፉ ነው። ሌላው ቦታችን ፖርታ ካፔና ነው። የአክሱም ሐውልት ከ1937 ጀምሮ የቆመው እዚያ ነበር፤ አበበ ቢቂላም በ1960 በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ በአጠገቡ አልፏል። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ተመልሷል፤ ዛሬ በአካባቢው የሴፕቴምበር 11 ሰለባዎች መታሰቢያ የሆኑ ሁለት ዓምዶች ቆመዋል።

ከእነዚህ በአንዱ ቆሞ ሻማ ለማብራት፣ ባንዲራ ለመያዝና ንግግር ለማድረግ ከላይ ያልነው ማሳወቂያ ይበቃል። ፈቃድ የሚባለው ጣጣ የሚጀምረው ድንኳን ልትተክሉ፣ መድረክ ልታቆሙ፣ ምግብ ልትሸጡ ስትነሱ ነው። ያኔ ጉዳዩ ከኩዌስቱራ አልፎ ማዘጋጃ ቤት ይደርሳል። የከተማውን መሬት ለመያዝ ሮም ከተከፋፈለችባቸው 15 ሙኒቺፒዮዎች ለቦታው ኃላፊ ለሆነው ወይም ለዋናው ማዘጋጃ ቤት ማመልከቻ ይገባል፤ ቴምብሩ አለ፣ የቦታው ኪራይ አለ። ለድምፅ ማጉያው የጩኸት ፈቃድ ለብቻው ነው። ዘፈን ካለ የደራሲያኑ ማኅበር ሲያኤ ድርሻውን ይጠይቃል። ታዋቂ ቅርስ ካለበት ቦታ ከሆነ የቅርስ ጥበቃው ቃል ይጨመራል።

በጁን 2017 ቶሪኖ ውስጥ ፒያሳ ሳን ካርሎ ላይ የእግር ኳስ ፍጻሜ በትልቅ ስክሪን ይመለከት የነበረ ሕዝብ በድንገተኛ ሽብር ተራግጦ ከ1500 በላይ ሰው ከተጎዳ ወዲህ የደህንነቱ ጥያቄ ጠብቋል። መውጫው በየት ነው? አምቡላንስ የት ይቆማል? ስንት ሰው ይመጣል? ስንቱ አስተባባሪ ነው? እነዚህን ጥያቄዎች የሚመልስ ባለሙያ የፈረመበት እቅድ ይፈለጋል። ይህ ክፋት አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው። ለሦስት ሰው ኮሚቴ ግን ተራራ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኛው ራሳችን ወድቀንበታል። ድንኳን፣ ቡና፣ ድምፅ ማጉያ፣ የሕጻናት መዝሙር፣ ሁሉን በአንድ ቀን እናድርግ ብለን ተነሳን። ስንከራከር (የኮሚቴ ነገር ታውቃላችሁ፤ በባንዲራው ጉዳይ ብቻ ሁለት እሑድ አልፏል) ማመልከቻው ዘግይቶ ገባና ቀኑ ሲደርስ መልሱ አልደረሰም። ጥፋቱ የራሳችን ነው። የዳነው ለኩዌስቱራው ለብቻው ያስገባናት አንዲት ገጽ ማሳወቂያ ብቻ ነበረች። ድንኳኑን ትተን፣ ቡናውን በቴርሞስ ይዘን፣ አርባ የማንሞላ ሰዎች ለአንድ ሰዓት ተኩል ቆምን። ሁለት ፖሊሶች መጥተው ወረቀቷን አዩና ዳር ይዘው ቆሙ።

ይህን ያነሳነው በምክንያት ነው። በኦገስት 2012 ከሮም በስተምሥራቅ ባለችው አፊሌ፣ የየካቲት 12 ጨፍጫፊ ለሆነው ለግራዚያኒ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ሲሠራለት በየአገሩ ያለ ኢትዮጵያዊ ተቆጣ። መጋቢት 8 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ ይህንኑ ለመቃወም የተሰባሰቡ በርካታ ዜጎች ግን በፖሊስ ታሰሩ። ግራዚያኒን መቃወም በግራዚያኒ አገር ሲቻል፣ ሰማዕታቱ በወደቁባት ከተማ ያሳስር ነበር!

ሕግ ስለሌለ ነው እንዳንል ሕጉ አለ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰልፍ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ብቻ ነው የሚጠይቀው። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ሰዓቱ ይቀየር ካለ በ12 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ጨርሶ አይደረግም ማለት አይችልም። ወረቀት ላይ ከሆነ እንግዲህ የእኛው 48 ሰዓት ከሮም ሦስት ቀን ይሻላል። በተግባር ግን «ማሳወቅ» የምትለው ቃል በየቢሮው «ማስፈቀድ» ሆና ቀረች። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ማግሥት አዲስ አበባ ውስጥ ሰልፍ ለአንድ ወር ተብሎ ታገደ፤ ተቃዋሚዎች ዋና ከተማው ውስጥ ጎላ ያለ ሰልፍ ለማድረግ የቻሉት ከስምንት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው።

ለዚህም ይመስለናል እዚህ ሮም ላይ ትልቁ ችግራችን ቴምብሩም ድንኳኑም ያልሆነው። ችግሩ ፊርማው ነው። ወረቀቱ የጠሪዎችን ስም ይፈልጋል። አገር ቤት እናት ያለው፣ ቤት የሚሠራ፣ ለፋሲካ ሊገባ ያሰበ ሁሉ «ስሜ ዞሮ የት ይደርሳል?» ይላል። በዚያች ባልተሳካች ዓመት ከኮሚቴው አንዱ ሥራ በዛብኝ አለ፣ ሌላው ስልኩን አላነሳም። በመጨረሻ ብዕሩን ያነሱት ኢጣሊያኖች ቤት አረጋዊት እየጠበቁ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ በሰፊው አጠራር ባዳንቴ።

«እትዬ፣ አይፈሩም?» አልናቸው።

«ልጄ፣ አባቴ የካቲት 12 ዕለት በሕጻንነቱ አልጋ ሥር ተደብቆ ነው የተረፈው። እኔ አሁን ከማን ልደበቅ?» አሉን፤ ከዚያም መነጽራቸውን ከቦርሳቸው ፈልገው አወጡና የት ላይ እንደሚፈረም ጠየቁን።

የዘንድሮው ወረቀት እስካሁን አንድ ፊርማ ነው ያለው። የእሳቸው ነው።