ስለ ሸክላ ማጫወቻና ስለ ጆሮ ማዳመጫ ሙያዊ ቃላት

አንድ ዕቃ ወደ ሕዝብ ሲገባ ስም ይወጣለታል። ዕቃው በተለወጠ ቁጥር ግን ስሙ አብሮ አይለወጥም። ከሃያ ዓመት በላይ የሸክላ ማጫወቻና የጆሮ ማዳመጫ ይዤ ስኖር፣ ከዚህ የተነሣ ያጋጠሙኝን ጥቂት የስያሜ ችግሮች ከዚህ በታች እየዘረዘርሁ ለየአንዳንዳቸው የመፍትሔ ሐሳብ አቀርባለሁ።

1. ሸክላ፤ ቃሉ ከጭቃ ተሠርቶ በእሳት የተተኮሰ ዕቃ ማለት ሲሆን፣ ድምፅ የተቀረጸበት ክብ ዝርግም ይጠራበታል። ለቀድሞው ዓይነት ስሙ ይስማማዋል፤ ነፍሳት ከሚያመነጩት ሼላክ ከሚባል ሙጫና ከደቀቀ ድንጋይ የተሠራ ስለ ሆነ፣ ሲወድቅ እንደ ገንቦ ይሰበራልና። ይህ ዓይነቱ በደቂቃ 78 ጊዜ ያህል ይዞራል። እ.ኤ.አ. በ1948 ባለ 33⅓ ዙር፣ በ1949 ደግሞ ባለ 45 ዙር ሸክላ ለገበያ ሲቀርብ፣ የሚሠራበት ነገር ቪኒል ወደሚባለው ፕላስቲክ ተለወጠ፤ ድምፁ የተቀረጸበትም ቦይ እጅግ ጠበበ። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ያሳተማቸው ባለ 45 ዙሮች የዚህ የኋለኛው ዓይነት ናቸው። ሕዝቡ ግን ሁለቱንም ሸክላ ይላቸዋል።

ይህ የስም አንድነት ያደረሰብኝን ጉዳት ልግለጽ። ከአባቴ የወረስኋቸውን ባለ 45 ዙሮች ለመስማት ፈልጌ፣ የማጫወቻው መርፌ አልቆ ስለ ነበር፣ ከአንድ ሱቅ «የሸክላ መርፌ» ብዬ ገዛሁ። ሻጩ የጠየቅሁትን ሰጠኝ፤ መርፌው ግን ለባለ 78 ዙር የተሠራ ነበር። የዚህ መርፌ ጫፍ ራዲየሱ 65 ማይክሮሜትር ያህል ሲሆን፣ ለጠባቡ ቦይ የሚሠራው ግን 18 ያህል ነው። ወፍራሙ ጫፍ ወደ ቦዩ መግባት ስላልቻለ አፉን እየፋቀ ሄደ። ስሕተቱን እስካውቅ ድረስ አባቴ አብልጠው ይወዱት የነበረውን ሸክላ ደጋግሜ አጫውቼው ነበርና፣ ዛሬ የዘፋኙ ድምፅ ከፍቅፍቅታ ጋር ተደባልቆ ይሰማል። የተፋቀ ቦይ አይጠገንም። ሻጩን አልወቅስም፤ የጠራሁት ስም ሁለቱን አይለይምና። ስለዚህ በተራ ንግግር ሸክላ የሚለው እንዳለ ሆኖ፣ በሙያ ጽሑፍና በንግድ ግን «ባለሰፊ ቦይ ሸክላ» እና «ባለጠባብ ቦይ ሸክላ»፣ መርፌዎቹም «የሰፊ ቦይ መርፌ» እና «የጠባብ ቦይ መርፌ» ቢባሉ ይሻላል።

2. ካርትሪጅ፤ በክንዱ ጫፍ ላይ ያለውና የመርፌውን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል ነው። «የመርፌ ቤት» ቢባል፣ ቤት ማኖሪያን እንጂ መለወጥን አያመለክትም። መርፌ ብሎ መጥራቱም ባለቤቱን ለወጪ ይዳርጋል፤ ተንቀሳቃሽ ማግኔት ባለው ዓይነት መርፌውን ብቻ መለወጥ ሲቻል፣ ተንቀሳቃሽ ጥቅልል ባለው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚለወጠው መላው ካርትሪጅ ነው። ባዕዱ ቃል ተለምዷልና እንዳለ ቢወሰድ ይበጃል።

3. አስተካካይ ቅድመ ማጉያ፤ ከካርትሪጁ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ከጥቂት ሚሊቮልት ስለማይበልጥ፣ ወደ ዋናው ማጉያ ከመድረሱ በፊት መጉላት አለበት። ይሁን እንጂ የመሣሪያው ሥራ ማጉላት ብቻ አይደለም። ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ቦዩን እንዳያሰፋው ይቀነሳል፤ ቀጭኑም ከመርፌው ፍቅፍቅታ በላይ እንዲሰማ ይጨመራል። በሚደመጥበት ጊዜ ይህ ሁሉ ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር በወጣው መለኪያ መሠረት፣ ከ1000 ኸርዝ አንጻር በ20 ኸርዝ ላይ 19 ዴሲቤል ያህል ይጨመራል፤ በ20,000 ኸርዝ ላይ ደግሞ 20 ዴሲቤል ያህል ይቀነሳል። «ቅድመ ማጉያ» ብቻ ቢባል ይህ ተግባር ይቀራል። «አቃኚ» ማለትም አያስኬድም፤ ቅኝት የክራርና የበገና፣ የትዝታና የባቲ ነውና። «አስተካካይ ቅድመ ማጉያ» ግን ሁለቱንም ተግባር ይይዛል።

4. ጀርባ ክፍት ማዳመጫ፤ ዜንሃይዘር የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው ኤች ዲ 414 በተባለው ማዳመጫ የታወቀው ዓይነት፣ ጀርባው አየር ያስገባል፤ ድምፁም ወደ ውጭ ይወጣል። «ክፍት ማዳመጫ» ቢባል አማርኛችን ያሳስታል። ሬዲዮ ከፈተ፣ ሬዲዮ ዘጋ እንደምንል ሁሉ፣ ክፍት ሲባል እየሠራ ያለ፣ ዝግ ሲባልም የጠፋ ይመስላል። «ጀርባ ክፍት» እና «ጀርባ ዝግ» ቢባሉ ግን የሚያሻማ ነገር አይኖርም። ጆሮ ላይ የሚያርፈው ክፍል «ትራስ» መባሉ መልካም ነው፤ በዓመታት ውስጥ ሲሟሽሽ ወፍራሙ ድምፅ ስለሚለወጥ፣ ባለቤቱ በስሙ ጠርቶ ምትኩን መግዛት ይኖርበታል።

እነዚህ ስያሜዎች የመጨረሻ ውሳኔ አይደሉም። በተለይ ሸክላ የሚሸጡና ማጫወቻ የሚጠግኑ ባለሙያዎች በሥራ ላይ የሚጠቀሙባቸውን ቃላት እንዲያቀብሉን እንጠይቃለን። የወል ስም ሲወጣ ቅድሚያ የሚሰማው፣ ዕቃውን በእጁ የያዘው ሰው ነውና።