ካምፐር ሥር የተቀበረች ስኮርታ

ፒክአፑ ላይ ካምፐር ጭኖ ጎማ የተነፈሰበት ሰው ሲደውልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የት እንደቆመ ነው። ቀጥዬ ደግሞ «ካምፐሩ እንደተጫነ ስኮርታዋን አውርደዋት ያውቃሉ?» እላለሁ። «ስኮርታማ አለኝ» ይሉኛል፤ ይህ የጥያቄዬ መልስ አይደለም። እኔም ነገሩ ስለሚገባኝ ትልቁን ክሪክ፣ ወፋፍራም ጣውላዎችንና የዛገ ቡሎን መፍቻዎቹን ጭኜ ከኮሎራዶዋ ከተማ ከኦሮራ ወደ ተራራው እወጣለሁ።

ካምፐር ስል ከኋላ የሚጎተተውን ተሳቢ ቤት ማለቴ አይደለም። ይኼኛው ፒክአፑ ካሶኒ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ፣ አልጋው ከጋቢናው ጣሪያ በላይ ወደፊት የወጣ፣ ማድቤትና መጸዳጃ ያለው ቤት ነው። ትልልቆቹ ባዷቸውን ከ3,000 ፓውንድ በላይ ይመዝናሉ፤ ወደ 1,360 ኪሎ መሆኑ ነው። አንድ ጋሎን ውሃ 8.3 ፓውንድ ስለሚመዝን 40 ጋሎን ሲሞላበት ሌላ 330 ፓውንድ ይጨመራል። ጋዙ፣ ባትሪው፣ ድስቱ፣ ብርድ ልብሱ ገና አልተቆጠረም። ይህን ሁሉ በዋናነት የሚሸከሙት ሁለቱ የኋላ ጎማዎች ናቸው፤ የሚተነፍሱትም፣ የሚፈነዱትም ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው።

ስኮርታዋ የምትቀመጠው ከካሶኒው ሥር፣ ከኋላ አክስል በስተኋላ፣ በሻንሲው ሁለት ብረቶች መሀል ነው። ካቦ ይዟት ተንጠልጥላ ትውላለች። ፓራውልቱ ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከታርጋው አጠገብ፣ አንዲት ቀዳዳ አለች። ከመኪናው ጋር የሚመጡት ቀጫጭን ዘንጎች ተቀጣጥለው በቀዳዳዋ ይገቡና ጫፋቸው የካቦውን መጠቅለያ ሲያገኝ ወደ ግራ እየዞሩ ጎማዋን ያወርዳሉ። መሬት ስትደርስ ካቦው ይላላል፤ ጎማዋን ዘንበል አድርጎ፣ በቸርኬው መሀል ያለፈውን መያዣ ብረት አሹልኮ ማውጣት ነው። ባዶ ፒክአፕ ላይ ይህ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው።

ካምፐሩ ሲመጣ ግን ሦስት ነገር ይለወጣል። አንደኛ፣ ረጃጅሞቹ ካምፐሮች ከካሶኒው አልፈው ወደ ኋላ ይወጣሉ። በራቸው ኋላ ስለሆነም የሚታጠፍ ደረጃ ይንጠለጠልባቸዋል፤ ደረጃው የሚወርደው ያቺ ቀዳዳ ፊት ላይ ነው። ዘንጉ ደግሞ ቀጥ ብሎ ካልገባ አይሠራም፤ የሚያዞረውም ሰው ከኋላ ክንዱን የሚያንቀሳቅስበት ቦታ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ጀልባ ወይም ትንሽ ተሳቢ የሚጎትቱ ሰዎች መጎተቻውን ከካምፐሩ ጭራ ውጭ ለማድረስ ረጅም ማራዘሚያ ብረት ያስገጥማሉ። ብረቱ በፓራውልቱ ሥር ያልፍና ጎማዋ የምትወጣበትን መንገድ ይዘጋል። ሦስተኛውን ሰዎች የሚያስተውሉት ችግሩ ሲደርስባቸው ነው፦ የኋላው ጎማ ሲተነፍስ ያ ሁሉ ክብደት ወደዚያው ጥግ ይወርዳል። ስኮርታዋ መሬት ደርሳ እንኳ ዘንበል የምትልበት ክፍተት አታገኝም።

ባለፈው በመስቀል ሰሞን የደወሉልኝ አንድ ጋሼ የቆሙት በመንገድ 285 ላይ፣ ኬኖሻ ፓስ አጠገብ ነበር። 10,000 ጫማ ከፍታ ላይ ያለ በር ነው። በዚያን ጊዜ የአስፐን ዛፎቹ ቅጠል ወርቅ ስለሚመስል ዴንቨር ያለ ሰው ሁሉ ወደዚያ ይጎርፋል። ጋሼ ጡረታ እንደወጡ ካምፐር ገዝተው ከባለቤታቸው ጋር አገሩን የሚዞሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው በአሰብ መንገድ ላይ ፊያት ኤንትሬ ነድተዋል፤ ስለዚህ ጎማ እንዴት እንደሚቀየር የሚነግራቸው ሰው አይፈልጉም። ስደርስ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሦስቱን ዘንጎች ይዘው፣ ከመኪናው ኋላ ተንበርክከው አገኘኋቸው።

«ልጄ፣ ቀዳዳዋ ትታየኛለች። ይኼ ደረጃ ነው አላሳልፍም ያለኝ።»

«ጋሼ፣ ይተዉት፤ እርስዎ ከመንገዱ ራቅ ብለው ከእትዬ ጋር ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። እኔም አልጠበቅሁም።

የተነፈሰው የቀኙ የኋላ ጎማ ነበር። ጎኑን ስለታም ድንጋይ ሰንጥቆታል። ጥርሱ ላይ ቢሆን ኖሮ እዚያው በመሰኪያ ደፍኜ ንፋስ ሞልቼ እሸኛቸው ነበር፤ ጎን ግን አይደፈንም። መንገዱ ዳር ወደ ቦዩ ያዘነበለ ጠጠር ነው። «ካምፐሩን በራሱ እግሮች አንስተን ፒክአፑን ከሥሩ ብናወጣውስ?» አሉኝ። ካምፐሩ አራት ማዕዘኑ ላይ ክሪኮች አሉት፤ ቤት ስንደርስ እንዲህ ነው የምናወርደው። ነገር ግን እነዚያ እግሮች የተሠሩት ለጠፍጣፋ መሬት ነው። ባዘነበለ ጠጠር ላይ፣ የጭነት መኪና ባለፈ ቁጥር ነፋሱ እየወዘወዘው፣ ያን ቤት በአራት ቀጫጭን እግር ማቆምን እኔ ለማንም አልመክርም።

ደረጃውን ለመንቀል ወሰንኩ። በአራት ቡሎን የተያዘ ነው፤ ሁለቱ ዳዶዎች በጤና ተፈቱ፣ ሁለቱ ዝገው ከብረቱ ጋር አንድ ሆነዋል። ክረምት ላይ የኮሎራዶ መንገዶች በረዶ እንዳይዙ ማግኒዥየም ክሎራይድ ይረጭባቸዋል። መንገዱን ያድናል፣ የመኪናን ሆድ ግን ይበላል። ዘይት ነፋሁባቸው፣ ጠበቅሁ፣ መፍቻው ላይ ረጅም ቱቦ አጥልቄ ተጫንኩ። ተፈቱ። ዘንጉ ገባ፣ ዞረ፣ ካቦው ሲላላ ይሰማኛል፤ ጎማዋ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ካቦ ቢበጠስ ጎማዋ በሩጫ ላይ ወድቃ የኋላውን መኪና እንዳትገድል አንዳንድ አምራቾች ሁለተኛ መያዣ ያደርጋሉ። መያዣው ዝጎ ሲነክስ ካቦው ተላልቶም ጎማዋን አይለቅም። መድኃኒቱ ካቦውን እስኪጠብቅ መልሶ መጠቅለልና እንደገና ማውረድ ነው። አንዳንዴ ይለቃል። የጋሼ አልለቀቀም። ከስኮርታዋ ሥር ጣውላና ትንሽ ክሪክ አስገብቼ ጎማዋን ትንሽ ወደ ላይ ገፋኋት፤ መያዣው ቷ ብሎ ለቀቀ። ክሪኩን ቀስ እያልኩ ሳወርደው ጎማዋ ጠጠሩ ላይ ተኛች። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ደስ ይለውና ከሥር ገብቶ ጎማ መጎተት ይጀምራል። እኔ ጫፉ በተቆለመመ ረጅም ብረት ከውጭ ነው የምስባት፤ የተነፈሰ ጎማ ላይ ከቆመ ከአራት ቶን በላይ ከሚመዝን መኪና ሥር ደረቴን አላስገባም። ክፍተት ስላልነበረ ግን መጀመሪያ መኪናውን ከአክስሉ ቱቦ ሥር በጣውላ ላይ በቆመ ከባድ ክሪክ ጥቂት አንስቼ በብረት መደገፊያ መያዝ ነበረብኝ። ከመኪናው ጋር የመጣችው ክሪክ ለዚህ ክብደት አልተሠራችም።

ስኮርታዋ ስትወጣ ጋሼ መጀመሪያ ያደረጉት በጫማቸው መምታት ነው። በእነሱ ዘመን ረዳቱ ማታ ማታ ጎማዎቹን በብረት እየመታ ድምፃቸውን ይሰማ እንደነበር፣ ስኮርታዋም ሳትመታ እንደማታድር ነገሩኝ። «እዚህ ረዳት የለም» አሉ። ንፋሷን ስለካው 35 ፒኤስአይ ነበር። የሹፌር በሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለኋላ ጎማ 80 ይላል። ጎኗ ላይ ከዲኦቲ ፊደላት በኋላ የሚመጡትን የመጨረሻ አራት ቁጥሮች አነበብኩላቸው፦ 2311። በ2011 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራች ማለት ነው። ጥርሷ አዲስ ነው፣ ፀሐይ አይታ አታውቅም፤ ላስቲክ ግን ሥራ ፈትቶም ያረጃል። ብዙ የጎማ አምራቾች ከ10 ዓመት በኋላ ጥርሱ ምንም ያህል ቢያምር ጎማው ይቀየር ይላሉ።

ስለዚህ እሷን ኋላ አላሰርኳትም። ጥሩውን የፊት ጎማ ወደ ኋላ አዞርኩ፣ አሮጊቷን 80 ሞልቼ ፊት አሰርኳት። ሥራው እጥፍ ሆነ፤ ግን ካምፐሩ የተኛበት አክስል ላይ የማላምነውን ጎማ አስሬ ከተራራ አላወርድም። ሌላም ቦታ ይህንኑ አደርጋለሁ፤ በተለይ ባለቤቱ አራቱን ጎማዎች በትልቅ ቁጥር ቀይሮ ስኮርታዋን በትንሿ ሲተዋት። ያኔ ደግሞ ፊት ታስራ ፎር ባይ ፎር ማስገባት አይቻልም።

የተሰነጠቀውን ጎማ የት እናድርገው ሲባል ጋሼ ወደ ካምፐሩ በር አዩ። እትዬ «ቤቴ ውስጥማ አይገባም!» አሉ። እኔ መኪና ውስጥ ገባ።

በዚህ ነገር ጥፋተኛው ማን ነው? ብዙ ካሰብኩበት በኋላ አንድም አላገኘሁም። ፒክአፑን የሠራው መጠቅለያዋን ከኋላው ክፍት ለሆነ መኪና ነው የሠራው። ካምፐሩን የሠራው የትኛው ፒክአፕ ላይ እንደሚጫን አያውቅም። ማራዘሚያውን የገጠመው መጎተቻው እንዲጠነክር ነው የተከፈለው። ሦስቱም ሥራቸውን በደንብ ሠርተዋል፤ በሦስቱ መካከል ያለችው ስኮርታ ግን የማንም አይደለችም። ሕጉም አይደርስላትም። የጎማ ንፋስ ሲቀንስ የሚያስጠነቅቀው መብራት በአሜሪካ ከ2008 ሞዴል ጀምሮ የግድ የሆነው አጠቃላይ የተፈቀደ ክብደታቸው እስከ 10,000 ፓውንድ ለሆኑ መኪኖች ነው። ከባድ ካምፐር የሚሸከሙት ፒክአፖች ብዙዎቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ስኮርታን ደግሞ አብዛኛው መኪና ጨርሶ አይከታተላትም።

ቢያንስ ካምፐር የሚሸጥ ሰው ገዢውን ከመሸኘቱ በፊት ግቢው ውስጥ ስኮርታዋን አስወርዶ ቢያሳየው ምን ነበረበት? ስለ ማቀዝቀዣውና ስለ መጸዳጃው ሲያስረዱ ይቆያሉ። ከካሶኒው በታች ሲሆን «ያ የመኪናው ነው» ይባላል።

ለደንበኞቼ የምለው ቀላል ነው፦ ካምፐሩ ተጭኖ፣ ውሃው ተሞልቶ፣ ቤትዎ ደጃፍ ላይ አንዴ አውርደው ያውጧት። ዘንጉ ደረጃውን ከነካ እዚያው ይታወቃል። መያዣው ዝጎ ከሆነም ፀሐይ ላይ፣ መሣሪያ አጠገብ ሆነው ያገኙታል። ካቦውን በዘይት ያብሱት፣ ንፋሷን ይለኩ፣ የንፋስ መሙያዋ ወደ መሬት አይታ እንድትሰቀል ያድርጉ፤ ከሥር አጎንብሰው መለኪያውን መሰካት ይችላሉ። የጎማ መሰኪያና እውነት 80 ፒኤስአይ የሚደርስ ፓምፕ ይያዙ። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰኩት ትንንሾቹ ሳጥናቸው ላይ 150 ተጽፎባቸው እንዲህ ያለ ጎማ ሲሞሉ በመሀል ግለው ይቆማሉ። ስኮርታዋን ከሥር አውጥተው ከፊት ፓራውልት ላይ የሚሰቅሉም አሉ። ከነቸርኬዋ እስከ 100 ፓውንድ የምትመዝን ነገር ናትና መብራቱንና ራዲያተሩ የሚተነፍስበትን እንዳትሸፍን ካልተጠነቀቁ በቀር አልቃወምም፤ እኔ ግን ከሥር እንዳለች መንገዷን መክፈት እመርጣለሁ።

የጋሼን ደረጃ ስመልሰው በአራቱ ቡሎኖች ፋንታ በእጅ የሚነቀሉ ወፋፍራም ፒኖች አደረግሁለት። ቁልፍ የለ፣ መፍቻ የለ። የጎማዎቹን ዳዶዎች በመለኪያ መፍቻ አጠበቅሁ፤ የእሳቸው ፎርድ ሱፐር ዱቲ ስለሆነ 165 ፉት-ፓውንድ፣ ቼቭሮሌት ቢሆን ኖሮ 140። ከ50 ማይል በኋላ ቆመው ደግመው እንዲያጠብቋቸው መፍቻውን ሰጥቻቸው ቁጥሩን በእጃቸው አስያዝኳቸው። ማታ ደወሉ፤ አንዷ ዳዶ ሩብ ዙር ያህል ዞራላቸዋለች።