ያውቁ ኖሯል? ከመርፌው በፊት ያለች አንዲት ደቂቃ

የደም ለጋሽ ክንድ በአልኮል ስለተጠረገ ብቻ ለመርፌ ዝግጁ እንደማይሆን ያውቁ ኖሯል? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ መሠረት መድኃኒቱ ቆዳውን ቢያንስ ለ30 ሴኮንድ አርሶ ይቆያል፤ ከዚያ እስኪደርቅ ሌላ 30 ሴኮንድ ያህል ይጠበቃል። እፍ ብሎ ማድረቅ ወይም የተጠረገውን ቦታ በጣት መልሶ መዳሰስ ድካሙን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

70 በመቶ አልኮል ከንጹሕ አልኮል በተሻለ ባክቴሪያን ይገድላል። ምሥጢሩ ውሃው ነው፤ ያለ ውሃ አልኮሉ የባክቴሪያውን ፕሮቲን በሚገባ አያፈርሰውም።

አልኮሉ እስኪደርቅ የሚጠበቀውን ጊዜ ከፍታ ሊያሳስተን ይችላል። ለምሳሌ ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። የአየር ግፊቷም ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ግፊት ሲያንስ ደግሞ አልኮል ቶሎ ይተናል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ደጋ ዓይን «ደርቋል» ቢልም ሰዓት «ገና ነው» ሊል ይችላል። እኔ ሰዓቱን አምናለሁ፤ የሴኮንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ለደም ቀጂ ባለሙያ እንደ ጓንቱ ያስፈልጋል።

ከፍታው መሣሪያ ማፍያውንም አይምርም። ላሊበላ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በእንፋሎት ጀርም የሚገድለው አውቶክላቭስ? የግፊት መለኪያው 15 ፒኤስአይ ሲያሳይ ባሕር ዳርቻ ላይ ውስጡ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ ላሊበላ ላይ ግን ወደ 117 ዲግሪ ብቻ ነው፤ መለኪያው የሚቆጥረው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነውና። ጉድለቱን ለመሙላት 4 ፒኤስአይ ያህል መጨመር ያስፈልጋል። ቆላ ላይ የተማሩትን ቁጥር ደጋ ላይ እንዳለ መጠቀም አደገኛ ነው፤ የውስጡን ሙቀት የሚነግረን ቴርሞሜትር ነው።

ከፍታ ስለ ለጋሹ ደም ያለንንም ግምት ሊያሳስት ይችላል። በሰሜን ተራሮች፣ አምባራስ ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ ሰዎች የሄሞግሎቢን መጠን ከባሕር ጠለል ነዋሪዎች እምብዛም እንደማይለይ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አሳይቷል። የአንዲስ ተራሮች ደገኞች መጠን ግን ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ከልገሳ በፊት የለጋሹ ሄሞግሎቢን ሲለካ «ደገኛ ስለሆነ ደሙ ብዙ ነው» ብሎ መገመት አይበቃም።

ታዲያ ከመርፌው በፊት ያለችው አንዲት ደቂቃ ይህን ያህል የምትከበረው ለምንድን ነው? ከተለገሰው ደም የሚለየው፣ ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት የሚቀመጠው ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት፣ እየተንቀሳቀሰ፣ በተለምዶ እስከ 5 ቀን ነው። ከቆዳ አምልጦ የገባ ባክቴሪያ በዚያ ሙቀት በነጻነት ይራባል፤ ደሙን የሚወስደው ደግሞ ብዙ ጊዜ አቅም ያነሰው ሕመምተኛ ነው።

ባክቴሪያ በፀጉር ሥር ስለሚደበቅ የትኛውም አጠራረግ ቆዳን ፈጽሞ አያጠራም። በዚህ ምክንያት በአንዳንድ የደም ከረጢቶች የመጀመሪያው 10 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ወደ ትንሽ ኪስ ይለያል። ያ ደም አይደፋም፤ ለኤችአይቪ፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ምርመራ ይውላል።